የተኝቶ ሕክምና ክፍልን የሚመራ ነርስ ባልደረቦቹን ለሥራ የሚያነሣሣበት መንገድ፦ የአሠራር መመሪያ

ይህ መመሪያ በሆስፒታል ውስጥ የተኝቶ ሕክምና ክፍልን ለሚመሩ ነርሶች የተዘጋጀ ነው። የክፍል ኃላፊነት ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው በሙያው ለተመሰገነ ሰው ነው። ደም ሥሩ አልገኝ ላለ ሕፃን ካኑላ የሚያስገባ፣ የመድኃኒት ሰዓት የማያሳልፍ፣ ቻርቱ ላይ ስርዝ ድልዝ የማይታይበት ነርስ አንድ ቀን የምደባ ደብዳቤ ይደርሰውና እስከ ትናንት አብረውት ተራ ይገቡ የነበሩትን ሰዎች እንዲመራ ይታዘዛል። ከዚያ ዕለት ጀምሮ የሚፈለግበት ችሎታ ሌላ ነው፤ ይህን ችሎታ ግን በትምህርት ዘመኑ ያስተማረው ሰው ላይኖር ይችላል።

የክፍል ኃላፊ ደመወዝ አይጨምርም፤ የዲዩቲ (የተጨማሪ ሰዓት ተራ) ክፍያ የሚለቀቅበትን ቀን አይወስንም፤ የጓንትና የመድኃኒት አቅርቦትም በእጁ አይደለም። በእጁ ያለው የጠዋቱ ርክክብ አካሄድ፣ የተራ ፕሮግራሙ አወጣጥ፣ ስህተት ሲፈጠር በክፍሉ ውስጥ የሚባለው ነገር፣ ሰው ሲደክምና ሲያዝን ፈጥኖ ማስተዋሉ ነው። እነዚህ ትንሽ አይደሉም። ሆስፒታል ውስጥ የቆየ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ በአንድ ግቢ ውስጥ በእኩል ደመወዝና በእኩል እጥረት የሚሠሩ ሁለት ክፍሎች ፈጽሞ የተለያየ መንፈስ ሊኖራቸው ይችላል፤ አንዱ ክፍል ሰው ተራ ለመለዋወጥ የሚሽቀዳደምበት፣ ሌላው ደግሞ ዝውውር የሚጠየቅበት ይሆናል።

ሙሉውን መመሪያ የሚገዛው ሐሳብ ይህ ነው፦ ሠራተኛ በሥራው የሚነቃቃው እውነቱን ሳይፈራ ለመሪው መናገር ሲችልና የተናገረው ነገር አንዳች ለውጥ ሲያመጣ በዓይኑ ሲያይ ነው። የማበረታቻ ንግግር ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው፤ ይህ በሌለበት የሚደረግ ንግግር ደግሞ ሰሚውን ያርቃል። ፒተር ሳሎቬይና ጆን ሜየር የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ምሁራን በ1990 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ ስሜታዊ ብልኅነትን ያብራሩት የራስንና የሌሎችን ስሜት መከታተል፣ አንዱን ስሜት ከሌላው መለየት፣ ያንንም ዕውቀት ለሐሳብና ለድርጊት መጠቀም እንደሆነ ነው። ስለዚህ ጉዳዩ ለስላሳ ጠባይ ያለው ሰው ሆኖ መወለድ አይደለም፤ በየዕለቱ በሚደረግ ሥራ የሚለመድ ችሎታ ነው። ከዚህ በታች የተቀመጡትን እርምጃዎች በቅደም ተከተላቸው ቢጀምሯቸው ይመከራል፤ የመጀመሪያዎቹ ካልተያዙ የኋለኞቹ አይጸኑምና።

አንደኛ፦ ወደ ክፍሉ ከመግባትዎ በፊት የራስዎን ስሜት ይለዩ

ከአስተዳደር ስብሰባ ተቆጥተውት የወጣ ኃላፊ ቁጣውን ይዞ ወደ ክፍሉ ይመለሳል፤ በር ላይ ያገኛት የመጀመሪያዋ ነርስም ባልተነጠፈ አንድ አልጋ ምክንያት የሌላ ሰው ዕዳ ትከፍላለች። ይህ እንዳይሆን በሩ ላይ ጥቂት ቆም ይበሉና የያዘዎትን ስሜት በስሙ ይጥሩት። «ተናድጃለሁ» በሚለው ብቻ አይቁሙ፤ በንዴት ስም የሚመጡ ብዙ ስሜቶች አሉ፤ ሥጋት፣ ኀፍረት፣ የመናቅ ስሜት፣ የእንቅልፍ እጦት፣ ረኃብ ሳይቀር። ማቲው ሊበርማንና ባልደረቦቹ በ2007 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት የአንጎል ምስል ጥናት፣ ተሳታፊዎች ፊት ላይ ያዩትን ስሜት በቃል ሲሰይሙ ከፍርሃትና ከሥጋት ጋር የተያያዘው አሚግዳላ የተባለው የአንጎል ክፍል እንቅስቃሴ ቀንሶ ታይቷል። ስሜትን በስሙ መጥራት ጊዜ የማይወስድና ገንዘብ የማይጠይቅ ሥራ ነውና በየጠዋቱ ይሞክሩት።

ስሜትዎን ከለዩ በኋላ ሁለት ነገሮችን ያድርጉ። የመጀመሪያው፣ ታካሚን አሁኑኑ ለአደጋ የሚያጋልጥ ነገር ካልሆነ በቀር በቁጣ ላይ ሆነው ማስጠንቀቂያ አይጻፉ፤ ውሳኔውን ለማግሥቱ ያሳድሩት። ሁለተኛው፣ ስሜትዎ ፊትዎ ላይ የሚነበብ ከሆነ ለባልደረቦችዎ በግልጽ ይንገሩ፦ «የመጣሁት ከከባድ ስብሰባ ነው፤ ፊቴ ከብዶ ብታዩት በእናንተ አይደለም።» ሰው የኃላፊውን ፊት አይቶ የራሱን በደል መፈለግ ይወዳል፤ ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር የግማሽ ቀን ሹክሹክታ ታስቀራለች።

ሁለተኛ፦ እያንዳንዱን ባልደረባ ለብቻው ያነጋግሩ

በተመደቡ በመጀመሪያው ወር ውስጥ ከእያንዳንዱ ነርስ ጋር ሩብ ሰዓት ያህል ለብቻ ይቀመጡ። ቦታው የኃላፊው ጠረጴዛ ባይሆን ይመረጣል፤ ጠረጴዛ ፊት የተቀመጠ ሰው እንደተጠራ ተከሳሽ ይጠነቀቃል። ሻይ ክበብ ወይም ግቢው ውስጥ ያለ አግዳሚ ወንበር ይበቃል። ስለ ሦስት ነገሮች ይጠይቁ፦ በዚህ ክፍል ሥራ ውስጥ ደስ የሚላት ምን እንደሆነ፣ በየቀኑ የሚያታክታት ምን እንደሆነ፣ መማር የምትፈልገው ምን እንደሆነ። ኤድዋርድ ዴሲና ሪቻርድ ራያን የሰውን ተነሣሽነት ለረጅም ዓመታት አጥንተው የደረሱበት መደምደሚያ፣ ሰው በሥራው ላይ በራሱ ፈቃድ የሚተጋው የመወሰን ነፃነት፣ የመቻል ስሜትና ከሌሎች ጋር የመተሳሰር ፍላጎቱ ሲሟሉለት ነው የሚል ነው። ሦስቱ ጥያቄዎች ወደ እነዚህ ፍላጎቶች የሚያደርሱ ናቸው። ቁስል በማከም የምትታወቀውን ነርስ አዲስ ገቢዎችን እንድታስተምር ማድረግ፣ ትምህርቱን በማታ ለሚከታተለው ደግሞ የፈተና ሳምንቱን አስቀድሞ ማወቅ የሚቻለው በዚህ ንግግር ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ይሉኝታ የተባለውን ነገር በቁም ነገር መውሰድ ያስፈልጋል። በእኛ አገር የሥራ ቦታ «ይመችሻል ወይ?» ተብላ የተጠየቀች ነርስ ባይመቻትም «አዎ፣ ችግር የለም» ትላለች፤ ኃላፊው ፈቃድ ያገኘ መስሎት ይሄዳል፤ ቅሬታው ግን በሆድ ይቀመጥና ከወራት በኋላ በሕመም ፈቃድ ወይም በኩርፊያ መልክ ይወጣል። ስለዚህ እምቢታን የሚያቀል ጥያቄ ይጠይቁ። «ቅዳሜ መግባት ይመችሻል?» ከማለት «ከቅዳሜና ከእሑድ የትኛው ይከብድሻል?» ማለት ይሻላል፤ በዚህኛው ጥያቄ ውስጥ መቸገር አስቀድሞ ተፈቅዷል። «ቅር ያላችሁ ነገር አለ?» ተብሎ በስብሰባ ላይ የሚነሣ ጥያቄም የሚያገኘው ዝምታን ነው። «በዚህ ፕሮግራም ላይ እያንዳንዳችን አንድ የሚስተካከል ነገር እንጥቀስ፤ እኔ ልጀምር» ቢባል ግን ሐሳብ ይወጣል።

የአጠራር ነገርም ቀላል አይደለም። በቅርቡ የመጀመሪያ ዲግሪውን የያዘ ወጣት፣ በዲፕሎማ ለሃያ ዓመት ያገለገሉ ነርስ ላይ ኃላፊ ሆኖ ሊመደብ ይችላል። ሹመቱ የአክብሮት አጠራሩን አይሽረውም፤ «ሲስተር» እና «እርስዎ» ማለትዎን ይቀጥሉ፤ የሥራውን መመዘኛ ግን ለእሳቸውም ለሌላውም እኩል ያድርጉት። ሲነጋገሩም በእውነት የሚያውቁትን ይጠይቋቸው፦ «ይህን ክፍል ከእኔ በፊት ያውቁታል፤ ማታ ማታ ሥራው የሚጨናነቀው ለምን ይመስልዎታል?» መልሱን ከሰሙ በኋላ ከሐሳባቸው አንዱን እንኳ በተግባር ካዋሉ፣ በቀሩት አንጋፋዎች ፊት የሚሰጥዎትን ቦታ ያያሉ።

ከንግግሩ በኋላ ሁለት ሦስት መስመር በማስታወሻ ደብተርዎ ያስፍሩ። የቤተሰብ ምስጢር፣ የጤና ሁኔታ፣ ስለ ሌላ ባልደረባ የተባለ ነገር አይጻፍ።

ሦስተኛ፦ የጠዋቱን ርክክብ የክፍሉ ምርጥ ሰዓት ያድርጉት

በቀኑ ውስጥ የመሪው ጠባይ በሁሉም ፊት የሚታይበት ሰዓት ርክክብ ነው። ሌሊቱን ቆሞ ያደረ ነርስና ገና ከቤቱ የመጣ ነርስ አንድ ላይ ይቆማሉ፤ አንዱ መሄድ ይፈልጋል፤ ሌላው ምን እንደሚጠብቀው ማወቅ ይፈልጋል። በዚህ ሰዓት ኃላፊው በመጀመሪያ የሚናገረው ነገር «ይህ ለምን አልተሠራም?» ከሆነ፣ የሌሊቱ ተረኛ ከነገ ጀምሮ ጉድለቱን ይሸፍናል። ርክክቡን በዚህ ቅደም ተከተል ያካሂዱት፦

ሀ. ከማንኛውም ጥያቄ በፊት የሌሊቱን ተረኞች ሌሊቱ እንዴት እንደነበር ይጠይቁና እስኪጨርሱ ያዳምጡ። ስልክዎን አይመልከቱ፤ ቻርትም አይግለጡ።

ለ. እያንዳንዱ ታካሚ በአራት ነጥብ ይገለጽ፤ አሁን ያለበት ሁኔታ፣ ወደዚህ ያደረሰው ታሪክ፣ ነርሷ ራሷ ስለ ሁኔታው ያላት ግምገማ፣ ቀጥሎ መደረግ አለበት የምትለው። ይህ ኤስባር (የአራቱ ነጥቦች የእንግሊዝኛ ስም ምህጻር) የተባለው አነጋገር ከአሜሪካ ባሕር ኃይል ሰርጓጅ መርከቦች ተነሥቶ ወደ ሕክምና የገባ ነው። ጥቅሙ መረጃን ማሳጠሩ ብቻ አይደለም፤ ሦስተኛውና አራተኛው ነጥብ ነርሷ የራሷን አስተያየት እንድትሰጥ ያስገድዳሉ፤ በዚህም እርሷ የትእዛዝ ተቀባይ ብቻ ሳትሆን አሳቢ ባለሙያ መሆኗ በየጠዋቱ ይመሰከርላታል። አስተያየቷ ስህተት ቢሆን እንኳ «ከምን ተነሥተሽ ነው?» ብለው ይጠይቁ እንጂ አያቋርጧት።

ሐ. ተቀባዩ ነርስ ዋናውን መልእክት መልሶ ይናገር። «ገብቶኛል» የሚለው ቃል ስለ መግባቱ ማረጋገጫ አይሆንም።

መ. አዲስ ተመዳቢ፣ ተማሪ ወይም ከሌላ ክፍል በውሰት የመጣ ሰው ካለ ስሙንና የዕለቱን ኃላፊነቱን ይናገር። የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 እ.ኤ.አ. ይፋ ያደረገው የቀዶ ሕክምና ደኅንነት ማረጋገጫ ዝርዝር፣ ቆዳ ከመቀደዱ በፊት የቡድኑ አባላት ሁሉ ስማቸውንና የሥራ ድርሻቸውን እንዲያስተዋውቁ የሚጠይቀው በከንቱ አይደለም። ስሙን በሰው ፊት የተናገረ ሰው፣ በኋላ የሚያሠጋ ነገር ሲያይ ድምፁን ለማውጣት ይቀለዋል።

ሠ. የሌሊቱን ተረኞች በሰዓታቸው ያሰናብቱ። ያልተሟላ ነገር ካለ ለቀኑ ተረኛ ያስረክቡ፤ ጥፋት ካለ በሌላ ጊዜ ለብቻ ይነጋገሩበት።

በታካሚና በአስታማሚ ፊት ነርስን መገሠጽ በምንም ምክንያት የሚፈቀድ አይደለም። ጤና ሚኒስቴር ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም. በተካሄደው የጤናው ዘርፍ የትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ውስጥ ሩኅሩኅ፣ ሰው አክባሪና ተንከባካቢ ባለሙያ ማፍራትን ከዋና አጀንዳዎቹ አንዱ አድርጎት ነበር። ጠዋት በአልጋ መካከል የተዋረደች ነርስ ከሰዓት በኋላ ያንን አክብሮት ከየት አምጥታ ለታካሚዋ ትሰጣለች? ከተገሠጸች በኋላም ያ አስታማሚ ትእዛዟን አይሰማትም።

አራተኛ፦ የተራ ፕሮግራሙን ሁሉም በሚያየው መመዘኛ ያውጡ

ኃላፊው ፍትሐዊ መሆን አለመሆኑ የሚነበበው በግድግዳው ላይ ከተለጠፈው ፕሮግራም ነው። ፍሬድሪክ ኸርዝበርግ በ1959 እ.ኤ.አ. ከባልደረቦቻቸው ጋር ወደ 200 የሚጠጉ መሐንዲሶችንና የሒሳብ ባለሙያዎችን አነጋግረው ባወጡት ጥናት፣ ሰውን በሥራው የሚያስከፉ ነገሮችና የሚያነሣሡ ነገሮች አንድ እንዳልሆኑ አሳይተዋል፤ ደመወዝ፣ የቁጥጥር ሁኔታና የመሥሪያ ቤቱ አሠራር ሲበላሹ ያስከፋሉ፤ መሳካት፣ መመስገንና ኃላፊነት ማግኘት ደግሞ ያነሣሣሉ። የተራ ፕሮግራም ከመጀመሪያዎቹ ወገን ነው፤ ፍትሐዊ ቢሆን ማንም አያመሰግንዎትም፤ ቢዛነፍ ግን ሌላውን ጥረትዎን ሁሉ ይበላዋል።

ረቂቁን ከመጽደቁ ጥቂት ቀናት አስቀድመው ይለጥፉና አስተያየት ይቀበሉ። የበዓል ተራዎችን በተለየ መዝገብ ይያዙ፤ ዘንድሮ በእንቁጣጣሽ፣ በመስቀል፣ በገና፣ በጥምቀት፣ በፋሲካ፣ በዒድ አል ፈጥርና በአረፋ ማን ማን እንደገባ ይጻፍ፤ የሚቀጥለው ዓመት ድልድል ከዚያ ይነሣ። ክርስቲያኑ በዒድ፣ ሙስሊሙ በፋሲካ መግባቱ ብዙ ክፍሎች በስምምነት የሚያደርጉት መልካም ልማድ ነው፤ ሳይጠይቁ ግን አይወስኑት፤ ፋሲካን ከጎረቤቱ ጋር የሚያሳልፍ ሙስሊም ነርስም አለ። በረመዳን የማፍጠሪያውን ሰዓት አስታውሶ የሚጾመው ነርስ በዚያ ሰዓት የሚተካው ሰው እንዲያገኝ ማድረግ ከክፍሉ ሥራ ምንም አይቀንስም። ከፕሮግራሙ ውጪ ለአንድ ሰው የተለየ ነገር ማድረግ ካለብዎ፣ ምክንያቱን ሊያስረዱ በሚችሉበት መጠን ለሌሎች ያስረዱ፤ ምክንያቱ የግል ምስጢር ከሆነም «በእኔ ዘንድ የታወቀ ምክንያት አለ፤ ለማናችሁም ቢገጥም እንዲሁ አደርጋለሁ» ይበሉ፤ ሲገጥማቸውም ያድርጉት።

አምስተኛ፦ ምስጋናን በዝርዝር ይናገሩ

«ጎበዝ፣ በርቺ» የሚለው ቃል ደግ ነው፤ ምኑ እንደተወደደ ግን አይናገርም። «የአልጋ 4 ታካሚ ኦክስጅን መጠን እየወረደ መሆኑን አይተሽ ሐኪሙን ሳይመሽ መጥራትሽ ጊዜ አትርፎልናል» የሚለው ግን ነርሷ ነገም እንድትደግመው የሚያስችል ነው። በዚያው ቀን ይንገሯት፤ ከፍ ላለ ሥራ በጽሑፍ አድርገው ለነርሲንግ ዳይሬክተሩ ግልባጭ ይላኩ። ሁልጊዜ ተመሳሳይ ሰዎችን እንዳያመሰግኑም ይጠንቀቁ፤ ድምፃቸውን ሳያሰሙ የሚሠሩ ነርሶች በየክፍሉ አሉ።

ስድስተኛ፦ ጥፋትን ለብቻ፣ በፍሬ ነገሩና በጊዜው ያርሙ

ከሁሉም እርምጃዎች ከባዱ ይህ ነው። በብዙ መሥሪያ ቤቶቻችን ግምገማ ማለት ሰው በጓደኞቹ ፊት ቆሞ ጉድለቱ የሚዘረዘርበት መድረክ ሆኖ ኖሯል፤ ስለዚህ «እንነጋገር» የሚለው ቃል ራሱ ሰውን ያስደነግጣል። ከዚህ የሸሹ ኃላፊዎች ደግሞ ሌላ መንገድ ይዘው ይገኛሉ፤ በአሽሙር መናገር፣ ጉዳዩን በሦስተኛ ሰው መላክ፣ ወይም የአንዱን ጥፋት በጠቅላላ ስብሰባ ላይ «አንዳንድ ሰዎች» ብለው ማንሣት። እነዚህ ሁሉ ከፊት ለፊት ንግግር የበለጠ ይጎዳሉ፤ ጥፋተኛው ራሱን ሳያውቅ ሲቀር፣ ንጹሑ ደግሞ «እኔን ይሆን?» እያለ ይከርማል።

ንግግሩን እንዲህ ያድርጉት። በተፈጸመ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ፣ በር ተዘግቶ፣ ሁለታችሁም ተቀምጣችሁ ይሁን። መጀመሪያ ያዩትን ነገር ያለ ቅጽል ይናገሩ፤ ቀጥሎ ያስከተለውን፤ ከዚያ ይጠይቁ፤ ጠይቀውም ዝም ይበሉ። ለምሳሌ ቫይታል ሳይን፣ ማለትም የደም ግፊት፣ የልብ ምትና የመሳሰሉት ልኬቶች፣ ሳይመዘገብ ቢቀር፦

«ትናንት ማታ አልጋ 7 ላይ ላለው ታካሚ የ6 ሰዓቱ ቫይታል ሳይን አልተመዘገበም። ጠዋት የደም ግፊቱ ወርዶ ስለተገኘ፣ መቼ መውረድ እንደጀመረ ማወቅ አልቻልንም። ሌሊቱ እንዴት ነበር?»

በዚህ አነጋገር ውስጥ «ሰነፍ»፣ «ግድ የለሽ»፣ «ሁልጊዜ እንዲህ ነሽ» የሚል የለም። መልሱም ብዙ ጊዜ ኃላፊው ያልጠበቀው ነው፤ በዚያው ሰዓት ሌላ ታካሚ ተባብሶ ነርሷ ብቻዋን ስትሯሯጥ ነበር፤ ወይም የደም ግፊት መለኪያው ተበላሽቶ ከሌላ ክፍል ለመዋስ ሄዳ ነበር። እንዲህ ከሆነ የሚታረመው የሌሊቱ አመዳደብ ወይም መሣሪያው ነው። በእርግጥ ቸልተኝነት ሆኖ ቢገኝም፣ ቀጣዩን እርምጃ ከራሷ አንደበት ያውጡት፦ «እንዳይደገም ምን ብናደርግ ይሻላል ትያለሽ?» የተስማማችሁበትን ሁለታችሁም ጽፋችሁ ያዙ፤ የምትገናኙበትንም ቀን ወስኑ።

ለአንጋፋ ባልደረባ ሲናገሩ ቅደም ተከተሉ አይለወጥም፤ አነጋገሩ ግን ማዕረጋቸውን ይጠብቅ፦ «ሲስተር፣ ወጣቶቹ አሠራር የሚማሩት ከእርስዎ ነውና ይህን ላነሣው ፈለግሁ።» ሰውየው ወይም ሴትየዋ እንባ ቢመጣባቸው ወይም ቢቆጡ አይቸኩሉ። «የተናገርኩት ከብዶዎታል፤ ጥቂት እንቆይ» ማለት ይበቃል። ንግግሩን ለማለስለስ ብለው የተናገሩትን ፍሬ ነገር መልሰው አይሰርዙት፤ ያን ጊዜ ሰውየው ከጥፋቱ ይልቅ የእርስዎን አለመጽናት ያስታውሳል።

ከንግግሩ በኋላ በዚያው ቀን ሰላምታዎን አይለውጡ። ጥፋቱ ተነግሮ አልቋል፤ ኩርፊያ ሁለተኛ ቅጣት ነው።

ሰባተኛ፦ ስህተቱን ራሱ ለተናገረ ሰው የመጀመሪያው ቃልዎ ምን እንደሚሆን አስቀድመው ይወስኑ

ኤሚ ኤድመንድሰን በ1990ዎቹ በአሜሪካ ሆስፒታሎች የመድኃኒት አሰጣጥ ስህተትን ሲያጠኑ፣ የተሻለ የቡድን መንፈስ ያላቸው ክፍሎች ጥቂት ስህተት እንደሚኖራቸው ጠብቀው ነበር። ውጤቱ ግን ተገልብጦ ተገኘ፤ በጥሩ ሁኔታ በሚመሩት ክፍሎች የተመዘገበው ስህተት የበለጠ ነበር። ማብራሪያው፣ በእነዚያ ክፍሎች ነርሶቹ ስህተትን ደብቀው አያልፉትም ነበር የሚል ነው። ሌሎቹ ክፍሎች ውስጥ ስህተቱ አልጠፋም፤ መናገሩ እንጂ። «ዝምታ ወርቅ ነው» የሚለው ብሂል በሆስፒታል ክፍል ውስጥ ታካሚን ይገድላል።

ስለዚህ ነርስ መጥታ «መድኃኒት ተሳስቻለሁ» ስትልዎ ቃልዎ ይህን ይመስል፦ «መጥተሽ ስለ ነገርሽኝ አመሰግናለሁ። ታካሚው አሁን እንዴት ነው?» ቀጥሎ ታካሚውን አብረው ይዩ፤ ሐኪም ይጥሩ፤ ከዚያ በሆስፒታሉ ቅጽ ላይ ይመዝገብ። ምርመራው ሲጀመር «ማን?» ከሚለው በፊት «እንዴት?» ይጠየቅ፤ ሁለት የሚመሳሰሉ ጠርሙሶች ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር ወይ፣ የሐኪሙ ጽሕፈት ይነበባል ወይ፣ ነርሷ ስትቀዳ ስንት ሰው ጠርቷታል። አልበርት ዉ የተባሉት ሐኪም በ2000 እ.ኤ.አ. ስህተት የሠራውን ባለሙያ ሁለተኛው ተጎጂ ብለው ሰይመውታል፤ ያች ነርስ በዚያ ሌሊት አትተኛም፤ በማግሥቱም እጇ ይንቀጠቀጣል። ቀጣዩን ተራዋን ከታመነ ባልደረባ ጋር ያድርጉላት፤ ስልክም ይደውሉላት።

ይህ ተጠያቂነትን ማንሣት አይደለም። ስህተትን አውቆ መደበቅ፣ ያልተሰጠ መድኃኒትን እንደ ተሰጠ መፈረም፣ ጠጥቶ ሥራ መግባት በሕጉ መሠረት የሚታዩ ናቸው፤ ይህንንም ባልደረቦችዎ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከአንደበትዎ ይስሙት።

ስምንተኛ፦ በእጅዎ ስለሌለው ነገር እውነቱን ይናገሩ

የዲዩቲ ክፍያ ሲዘገይ ወይም ጓንት ሲያልቅ የኃላፊው ቦታ በሁለት እሳት መካከል ነው። ሁለት ፈተናዎች ይመጣሉ፤ አንዱ «በሚቀጥለው ሳምንት ይከፈላል» ብሎ ያልተረጋገጠ ተስፋ መስጠት፣ ሌላው ከሠራተኛው ጋር ሆኖ አስተዳደሩን ማማት። የመጀመሪያው ቃልዎን ያረክሰዋል፤ ሁለተኛው ክፍሉን ያለ መሪ ያስቀራል። የሚሠራው መንገድ ጥያቄውን በጽሑፍ አድርጎ ማስገባትና ለባልደረቦች ሦስት ነገር መናገር ነው፤ እስካሁን የማውቀው ይህ ነው፤ የጠየቅሁት ይህን ነው፤ በዚህ ቀን ምላሽ ይዤ እመለሳለሁ። በተባለው ቀን ምላሽ ባይመጣም ይመለሱና «አልመጣም፤ ዳግም ጠይቄያለሁ» ይበሉ። ምላሽ ሳይኖር ቀጠሮ ማክበር ምላሽ ይዞ ከመምጣት የማይተናነስ አመኔታ ያስገኛል።

ድካም ከልክ ሲያልፍ የሚታዩትን ምልክቶችም ይወቁ። የሥነ ልቦና ምሁሯ ክርስቲና ማስላክ በሥራ መዛል ውስጥ ሦስት ነገሮችን ለይተዋል፤ የስሜት መድከም፣ ታካሚን እንደ ሰው አለማየት፣ የሥራን ፍሬ ከንቱ አድርጎ መቁጠር። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2019 እ.ኤ.አ. በጸደቀው የበሽታዎች ዓለም አቀፍ ምደባ ውስጥ በሥራ ምክንያት የሚመጣ ክስተት ብሎ መዝግቦታል፤ በሽታ ብሎ አልፈረጀውም። ታካሚን በስሙ ትጠራ የነበረች ነርስ «አልጋ 9» ማለት ስትጀምር፣ ተጫዋቹ ሰው ሲጨምት፣ ሳይታሰብ የሕመም ፈቃድ ሲበዛ ጠጋ ብለው ይጠይቁ። ምክር አያስቀድሙ። የዓመት ፈቃዷ ሳይወሰድ ተጠራቅሞ ከሆነ እንድትወጣ ያመቻቹ፤ ለጊዜው ቀለል ወዳለ ሥራ ማዛወርም ይቻላል። ከባድ ሞት በክፍሉ ሲደርስ፣ በተለይ የሕፃን፣ በዚያው ዕለት ተረኞቹን ለጥቂት ደቂቃ ሰብስበው ምን እንደተሰማቸው ይናገሩ ዘንድ ጊዜ ይስጡ። ባልደረባ ኀዘን ሲደርስበት ደግሞ ለቅሶ መድረስ ብቻውን አይበቃም፤ ሲመለስ የመጀመሪያ ሳምንቱን የሌሊት ተራ አያድርጉበት።

ዘጠነኛ፦ ለውጡን ይመርምሩና ምክትልዎን ያዘጋጁ

ከሦስት ወር በኋላ ራስዎን የሚመዝኑባቸው ምልክቶች በክፍሉ ውስጥ ይገኛሉ። በፈቃደኝነት የተነገሩ ስህተቶች ጨምረዋል ወይ? በርክክብ ላይ ከእርስዎ ሌላ የሚጠይቅ ሰው አለ ወይ? ሰዎች ተራ ሲለዋወጡ ያለ ጭቅጭቅ ይስማማሉ ወይ? ባለፈው ወር «ተሳስተሃል» ያለዎት ሰው ነበር ወይ? የመጨረሻው ጥያቄ መልሱ «ማንም» ከሆነ ወደ ሁለተኛው እርምጃ ተመልሰው የግል ንግግሩን እንደገና ይጀምሩ።

ፈቃድ ከመውጣትዎ በፊት ምክትልዎ ቢያንስ አንድ ሳምንት ርክክቡን እርስዎ ባሉበት ይምራ፤ እርስዎ ከኋላ ቆመው ያዳምጡ፤ አስተያየትዎንም ለብቻው ይስጡት። የበዓል ተራ መዝገቡን፣ በመጠባበቅ ላይ ያሉ የጽሑፍ ጥያቄዎችንና ለባልደረቦች የተሰጡ ቀጠሮዎችን በዝርዝር ያስረክቡት፤ ከየባልደረባው ጋር ያደረጉት የግል ንግግር ማስታወሻ ግን ከእርስዎ ጋር ይቆይ። ከፈቃድ ሲመለሱም ቻርቶቹን ከማየትዎ በፊት ምክትልዎንና የሌሊቱን ተረኞች ጊዜው እንዴት እንዳለፈ ይጠይቋቸው።